ላፕቶፑን ልቀይረው ወይስ ልፍታው? የሁለት ወር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ፊፋ እየተጫወትን ነበር። ስሙ ከተቀየረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እኛ ቤት ግን አሁንም ፊፋ ነው። 2 ለ 1 እየመራኝ ነው። 83ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑም አብሮ ድርግም አለ። ባትሪ አለው የተባለ ዕቃ እንደ ቴሌቪዥን ጠፋ። እኔ "ውጤቱ አይያዝም" አልኩ። እሱ "አንተ ዝም ብለህ ላፕቶፕ ግዛ" አለ። ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ላፕቶፑን የገዛሁት በ2011 ማብቂያ ላይ ነው። ብራንዱን አልጠራም። የዚያን ጊዜ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የጌም ላፕቶፖች ሁሉ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። ኮር አይ5-9300ኤች ፕሮሰሰር፣ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ (ሥዕሉን የሚሠራው ክፍል) ከራሱ 4 ጊጋ ሜሞሪ ጋር፣ 8 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሜሞሪ)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫ)። ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ስለሆነ፣ ስገዛው ገና ትኩስ ነበር።

ያኔ ዶላር በባንክ 29 ብር አካባቢ ነበር። 700 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በብር 20 ሺህ ገደማ ይመጣል። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ያው 700 ዶላር ዛሬ 100 ሺህ ብር አካባቢ ነው። "ትንሽ ጠብቅ፣ ይረክሳል" የሚሉት ፈረንጆች በዶላር ነው የሚያስቡት። እኛ ጋ ዕቃው በዶላር ሲረክስ በብር ይወደዳል።

የወንድሜ ሁለተኛ መከራከሪያ ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ነው፤ አራት ቀኑ። "በቃ ሞቷል" ይላል። አልሞተም። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ይቀበላል፣ የእኔ 9ኛ ነው።

ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ምኑ እንደታመመ ልወቅ ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ፣ እለካለሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ሁሉንም ባንዴ ብነካካ የትኛው እንደሠራ አላውቅም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ዛሬ የልኬት ቀን ነው። መለኪያዬ ጂቲኤ 5 ነው። ለኮምፒውተር ከወጣ አሥር ዓመት የሆነው ጌም ነው፤ ግን እንደ ሩጫ ሜዳ መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ተመሳሳይ መንገድ፣ ተመሳሳይ መኪና፣ 20 ደቂቃ። ከጎን ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍቼ ሙቀቱን እጽፋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች በሰከንድ 72 ፍሬም፣ ማለትም 72 ሥዕል። 20ኛው ደቂቃ ላይ 46። በመጥፎዎቹ ቅጽበቶች 21፤ መኪናው ወደ መሀል ከተማ ሲገባ ሥዕሉ እንደ ድሮ ላንድሮቨር ይንገጫገጫል። ፕሮሰሰሩ 97 ዲግሪ ደርሷል። ሲጀምር 3.9 ጊጋኸርዝ የነበረው ፍጥነቱ ወደ 2.3 ወረደ። ይህ ቺፕ የሚችለው የመጨረሻ ሙቀት 100 ነው። እዚያ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማለትም ላፕቶፑ አልደከመም፤ ታፍኗል።

ራሙ ጌሙ ሲከፈት 92 በመቶ ተይዟል። ክሮም ላይ ሦስት ገጽ ብቻ ነው የከፈትኩት። አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ፦ 8 ጊጋው አንድ ፍሬ ነው፣ ሁለተኛው ቦታ ስድስት ዓመት ሙሉ ባዶውን ተቀምጧል። የዚህ ዓይነት ራም አንድ ሲሆን በሰከንድ 21 ጊጋባይት አካባቢ ያስተላልፋል። ሁለት ሲሆን 42። ባለ አንድ መስመሩን መንገድ ባለ ሁለት ማድረግ እንደማለት ነው፤ ያውም የማስፋፊያው ቦታ ተከልሎ እያለ።

ባትሪው የባሰ ነው። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት አለ። ሲሠራ 57 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ነበር፤ አሁን የሚይዘው 11 ነው። እሱንም ቢሆን አይጨርሰውም፤ ጭነት ሲበዛበት ወዲያው ይወድቃል። ሌላው ደግሞ ከስር ያለው የጣት መዳሰሻ አልጫን ካለ ሰንብቷል። እኔ ቆሽሾ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ያ አይመስለኝም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ለፍትሕ ያህል አዲስ የመግዛቱንም ሐሳብ ዕድል ልስጠው ብዬ መገናኛ ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ቴሌግራም ላይ ስንት ቻናል እንዳየሁ አትጠይቁኝ። ግማሹ ላይ ዋጋው "በውስጥ መስመር" ነው።

አንዱ ሱቅ "8 ጊጋ ግራፊክስ" ብሎ የለጠፈበትን ስላሽ ላፕቶፕ አሳየኝ። ቲቪ ላይ እንዳለ ማስታወቂያ ያበራል። ታስክ ማናጀር የሚባለውን የዊንዶውስ መመልከቻ ከፈትኩ። የራሱ ሜሞሪ 4 ጊጋ ነው። ዊንዶውስ ከዋናው ራም የሚበደረውን 4 ጊጋ ጨምሮ ድምሩን 8 ብሎ ይጽፋል፤ ሻጩ ድምሩን ነው የሸጠልኝ። ስነግረው "ብራዘር፣ ያው ነው እኮ፣ 8 ይላል አይደል?" አለኝ። ይላል። ግን ያው አይደለም። የተበደረው ራም ከግራፊክሱ የራስ ሜሞሪ ጋር ሲነጻጸር ቀርፋፋ ነው።

ሁለተኛው ሱቅ አርቲኤክስ 4060 የሚባል ግራፊክስ ያለባቸው ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ ስማቸው አንድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። 4060 ለላፕቶፕ ሲሠራ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ውስጥ የትኛውን እንደሚሰጠው የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ድርጅት ነው። ስለዚህ ሁለት 4060 በፍጥነት ጨርሶ ላይገናኙ ይችላሉ። የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የሲስተም መረጃ የሚለውን ስትከፍቱ ከፍተኛው ዋት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሻጩ ሲከፈት አይቼው አላውቅም ብሎኛል፤ እኔ ከፈትኩለት። ቀጭኑ ውበቱን ነው የሚሸጠው።

ቀጭኑ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ዛሬ 16 ጊጋ ከገዛችሁ እስኪሞት 16 ጊጋ ነው። እኔ አሁን ስድስት ዓመት ቆይቼ ራም ልጨምር እያሰብኩ ያለሁት የዛሬ ስድስት ዓመት ሁለት ቦታ ያለው ስለገዛሁ ነው። ያውም ሳላውቅ።

የወፍራሙን ዋጋ ሰምቼ "ልመለስ" ብዬ ወጣሁ። "ልመለስ" ማለት አልመለስም ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ወንድሜ ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ ተነሳ። ጂቲኤ 6 ተራዘመ። እ.ኤ.አ. በሜይ 26፣ 2026 ይወጣል የተባለው ወደ ኖቬምበር 19 ተገፋ። "ላፕቶፕ እንገዛ" ሲለኝ የከረመው ለእሱ ብሎ ነበር። ነገሩ እንዲያውም ከዚያም ይከፋል፦ ቀኑ የተነገረው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ብቻ ነው። ለኮምፒውተር ቀን አልተቆረጠለትም። ገና ላልወጣ፣ ሲወጣም ላፕቶፕ ላይ መቼ እንደሚመጣ ላልታወቀ ጌም ዛሬ ላፕቶፕ መግዛት ላልተረገዘ ልጅ ጫማ መግዛት ነው። ይህን አልኩት። አልሳቀም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ፍቺ። ለመፈተሽ ብቻ ነበር የታሰበው።

መሣሪያዎቼ አንድ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ፣ እና የእናቴ የቡና ስኒዎች ናቸው። ስኒዎቹ ለብሎኑ ናቸው። ከስር 11 ብሎን አለ፤ ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁ ብሎኑ በላይ በኩል ብቅ ይላል ወይም ቦርድ ይወጋል። ስለዚህ የፊተኞቹን በአንድ ስኒ፣ የኋለኞቹን በሌላ፣ የመሀሎቹን በሦስተኛ። እናቴ ረከቦቱን አይታ "ቡናውን በብሎን ልትጠጣው ነው?" አለችኝ።

ዘጠነኛው ብሎን ተበልቷል፤ ካቻቢቴው ይዞረዋል እንጂ አይፈታውም። ሰፋ ያለ ላስቲክ አምጥቼ ብሎኑ ራስ ላይ አስቀመጥኩና በላዩ ካቻቢቴውን ጫን አድርጌ አዞርኩ። ላስቲኩ የተበላውን ሞላው፣ ወጣ። ይህን ዘዴ ያስተማረኝን ሰው እግዜር ይስጠው።

ክዳኑን በኤቲኤም ካርዱ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ ላቀቅኩት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ እያንዳንዱ ጠቅታ የተሰበረ ይመስላል፣ አልተሰበረም። ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ባትሪውን ነው። አብጧል። እንደ ተነፋ ትራስ መሀሉ ወጥቶ የጣት መዳሰሻውን ከስር ይገፋዋል። ለዚህ ነው አልጫን ያለው። ቆሻሻ አይደለም።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ከተወጋ ወይም ከተጫነ ይነድዳል። ገመዱን ነቀልኩ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ በብረት ነገር ሳልፈለቅቅ በእጄ አነሳሁት። ከዚያ አሸዋ ያለበት የቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ አስቀምጬ በረንዳ አወጣሁት። እናቴ "ይኼ ደግሞ ምን ተክለህ ነው?" አለች።

ላፕቶፑ ያለ ባትሪ በቻርጀር ይከፈታል። ያንቀላፋል ግን። ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን ነው። ከሥራ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ እያቃጠለ ነበር። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ያስለመደን ነገር ነው ይላሉ፤ መቶ ዓመት አልፎትም ልጆቹ ጭሱ ውስጥ እየዘለሉ ነው። እኔም መስኮቱን ዘግቼ የራሴን ቆሻሻ ላወጣ ተቀመጥኩ።

ሁለት ማራገቢያ አለው። ማራገቢያው አየሩን የሚገፋው በቀጫጭን የመዳብ ክንፎች መሀል ነው። ከውጪ ስታዩት ጥቁርና ንጹሕ ነው። ማራገቢያውን ፈትቼ ሳነሳው በእሱና በክንፎቹ መሀል አንድ ሙሉ ንጣፍ አገኘሁ። አቧራ ብቻ አይደለም፤ ፀጉር፣ የጋቢ ክር፣ የስድስት ዓመት ብናኝ፣ ተዳምጦ እንደ ባዘቶ ሆኗል። በወረንጦ ሳነሳው በአንድ ቁራጭ ወጣ። ጠረጴዛ ላይ ቆመ። ወንድሜ ፎቶ አነሳው። ከውጪ በአየር የሚነፉ ሰዎች ይህን ንጣፍ ወደ ውስጥ ይገፉታል እንጂ አያወጡትም፤ እኔም ለሦስት ዓመት ያደረግኩት ያንን ነው። ማራገቢያውን ስትነፉ ደግሞ በጣት ያዙት፤ በኃይል ከተሽከረከረ ይጎዳል።

ቀጥሎ የፔስቱ፣ ማለትም ሙቀቱን ከቺፑ ወደ መዳቡ የሚያሻግረው ቅባት፣ ጉዳይ ነው። ሙቀት ማስተላለፊያውን መዳብ ቺፑ ላይ የያዙት ብሎኖች ጎናቸው ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ሲታሰር ከ1 ጀምሮ ነው፤ ሲፈታ ከመጨረሻው ወደ 1። ከስሩ ያለው አሮጌ ፔስት ደርቆ እንደ ግድግዳ ኖራ ይፈረፈራል። በፋርማሲ አልኮልና በጥጥ ጠረግኩት። ፋርማሲው የሚሸጠው 70 በመቶ ነው፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ እስኪደርቅ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ለእያንዳንዱ ቺፕ አዲሱን ፔስት የምስር ፍሬ ያህል አድርጌ በፕላስቲክ ቁራጭ በስሱ ቀባሁ። እንደ ዳቦ ላይ ማርማላታ አይደለም። የግራፊክሱ ሜሞሪ ላይ ያሉትን ለስላሳ ግራጫ ንጣፎች አልነካሁም፤ እነሱ ውፍረታቸው የተለካ ስለሆነ በፔስት አይተኩም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ አዲስ አበባ አንድ ነገር ልበል። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው ያው ዙር ዞሮ የሚገፋው አየር በክብደት አንድ አምስተኛ ያንሳል ማለት ነው። ብርዳችን ያካክሰዋል፤ ግን "ኢንተርኔት ላይ 80 ዲግሪ ይላል፣ የእኔ ለምን 86 ሆነ?" ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። እነሱ የለኩት ሎስ አንጀለስ ይሆናል።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ገጣጥሜ ለካሁ። 68 ዲግሪ! ወንድሜን ቀሰቀስኩት። ጮህኩ። ከዚያ የፍሬም ቁጥሩን አየሁ፦ 31። ከበፊቱ የከፋ። ፍጥነቱ 1.2 ጊጋኸርዝ ላይ ተቸንክሯል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አንዳንድ ላፕቶፕ ባትሪው ሲነቀል ፕሮሰሰሩን ያስራል። ድንገት ብዙ ኃይል ሲፈለግ ቻርጀሩ ብቻውን እንዳይጎድልበት ባትሪው ያግዛል፤ ባትሪ ከሌለ ያ እርዳታ የለም። 68 ዲግሪዬ የቀዘቀዘ ላፕቶፕ ሳይሆን የተኛ ላፕቶፕ ሙቀት ነበር። ወንድሜ "ለዚህ ነው የቀሰቀስከኝ?" ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ልኬቱን ሰረዝኩ። ባትሪ እስኪመጣ ምንም ማለት አልችልም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

አሜሪካ ብላክ ፍራይደይ ነው። የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ ታኅሣሥ ላይ ትመጣለች። ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ ገበያ ወጣን።

እኔ የጠየቅኳት ባትሪና አንድ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 የላፕቶፕ ራም ነው። ዝም አለች። "አንተ ልጅ፣ ዓምና ለልጄ ይህንኑ 20 ዶላር አካባቢ ነው የገዛሁት፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ነው" አለች። አላመንኩም፤ አገናኙን ላከችልኝ። እውነት ነው። ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩት ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን እየጠረጉት ነው። አምራቾቹ ፋብሪካቸውን ወደሚያዋጣው ወደ እነሱ አዞሩ፤ ዲዲአር4 ደግሞ እየተተወ ያለ የድሮ ዓይነት ስለሆነ በሁለት በኩል ተመታ። ጥቅምት 9 ራም እንደሚጎድለኝ አውቄ እስከ ዛሬ መቆየቴ ቆጨኝ።

"ታዲያ አዲሱን ልግዛልህ?" አለች። ቅናሽ ላይ ያለ 5060 የተገጠመለት ላፕቶፕ አይታለች። ከልቤ አሰብኩበት። የእስከዛሬው ሕግ ቀላል ነበር፦ አዲስ ትውልድ ሲመጣ ያለፈው ይረክሳል፣ ያኔ ያለፈውን ግዛ። የ50 ተከታታይ የላፕቶፕ ግራፊክሶች እ.ኤ.አ. ከማርች 2025 ጀምሮ ነው የወጡት፤ 5060 በሜይ። በሕጉ መሠረት አሁን 4060 የሚገዛበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ራም እንዲህ ከተወደደ የሚቀጥለው ዓመት ላፕቶፕ ውስጥም ራም አለ። መጋዘን ያለው ሲያልቅ የሚመጣው በአዲሱ የራም ዋጋ የተሠራ ነው። የዘንድሮ መጠበቅ የሚያረክስ አይመስለኝም።

ስለዚህ ለራሴ እንዲህ ብዬ ቆረጥኩ። በዚህ ዓመት ውስጥ የግድ የምገዛ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እገዛ ነበር፤ ሰኔን አልጠብቅም። ግን የግድ አይደለም። የምጫወተው ፊፋና አሮጌ ጌሞች ናቸው። ላፕቶፔ ውስጥ ራም ይቀየራል፣ ኤስኤስዲ ይቀየራል፣ ባትሪ፣ ፔስት፣ ማራገቢያ፣ ኪቦርድ ሳይቀር ይቀየራል። ግራፊክሱ ግን ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። የሚያስቸግረኝ ግራፊክሱ ሲሆን ብቻ ነው የምገዛው። ጥቅምት 9 ከለካሁት ውስጥ አንዱም ግራፊክሱ አልነበረም።

ባትሪ አንድ፣ ራም አንድ። "የእጅ ሻንጣሽ ውስጥ ያዢው" አልኳት። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚላክ ሻንጣ አይገባም። ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ስለሆነ በእጅ ለመያዝ ችግር የለውም። ትልልቆቹ የጌም ላፕቶፖች ባትሪያቸው 99 ላይ የሚቆመው ለዚሁ ነው።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ሜሞሪ አምራቹ ማይክሮን ክሩሻል የሚለውን የንግድ ስሙን ከሸማቹ ገበያ ሊያወጣው ነው። ትናንት ነው ያስታወቀው። ለሱቅ ማቅረቡ እስከ ፌብሩዋሪ ይቀጥላል፣ ከዚያ በቃ። ወደ 30 ዓመት የቆየ ስም ነው። ያዘዝኩት ራም ላይ የተጻፈው ያው ስም ነው። ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት፦ "ደርሶሻል?" "ደርሷል፣ ተረጋጋ" አለች።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የሞኝ ሥራ ሠራሁ። 256 ጊጋው ስለጠበበ መሀል ከተማ ካለ ሱቅ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ቅርጹ ያው ማስቲካ የሚመስለው ረጅም ቀጭን ነው። ገጠምኩት። ላፕቶፑ አላየውም። ነቀልኩ፣ ገጠምኩ፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ቅንብር) ገባሁ፣ የለም።

ጥርሱን ሳየው ሁለት ክፍተት አለው። የእኔው አሮጌው አንድ። ሁለት ክፍተት ያለው ብዙ ጊዜ ሳታ ነው፤ አንድ ያለው ኤንቪኤምኢ። ቦታው አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ቋንቋቸው ግን ለየቅል ነው፤ የእኔ ቦርድ ሁለተኛው ቦታ የሚያውቀው ኤንቪኤምኢን ብቻ ነው። ፍጥነታቸውም አይገናኝም፦ ሳታ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ያበቃል፣ የእኔው ዓይነት ኤንቪኤምኢ እስከ 3,500 ይሄዳል። ለጌም መክፈቻ ልዩነቱ የተባለውን ያህል ባይሆንም።

ሱቁ ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ተለጥፏል። ተለማመጥኩ። ልጁ ዙሪያውን አየ አየና "ጨምርና ውሰድ" አለኝ። ጨመርኩ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ዕቃው መጣ! ከሁለት ኪሎ ቸኮሌትና ከአንድ ጠርሙስ ቫይታሚን ጋር።

መጀመሪያ ባትሪውን ብቻ ገጠምኩ። ሕጉ ሕግ ነው። ሞላሁት፣ ያው መንገድ፣ ያው መኪና፣ 20 ደቂቃ። መጀመሪያ 74 ፍሬም፣ መጨረሻ 70። ሙቀቱ 86። በመጥፎው ቅጽበት 27። እንግዲህ አቧራውና ፔስቱ የመለሱት ይህን ነው፦ 46 የነበረው 70 ሆነ። መንገጫገጩ ግን አለ።

ከዚያ ራሙ። ባትሪውን ነቅዬ፣ ራሙን በግማሽ አጋድሜ አስገብቼ፣ ወደ ታች ስጫነው ሁለቱ ጆሮዎች ጠቅ ብለው ያዙት። አበራሁ። ጥቁር ስክሪን። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ልቤ ቀጥ አለ። የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ቆማ "አበላሸኸው?" ትላለች። አርባኛው አካባቢ ላይ መጣ። ራም ሲቀየር መጀመሪያ ቀን እስኪተዋወቁ እንዲህ ይቆያል፤ ቀድሜ ባነበው ኖሮ ያን ያህል አላልበኝም ነበር።

79 ፍሬም፣ መጨረሻ 77፣ በመጥፎው ቅጽበት 52። ከ27 ወደ 52! አማካዩ ብዙም አልተለወጠም፤ መንገጫገጩ ግን ጠፋ። መኪናው መሀል ከተማ ሲገባ አስፋልት ላይ እንደሚሄድ ሄደ። አማካዩን ብቻ የሚያዩ ሰዎች "ራም ለውጥ አያመጣም" የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ዊንዶውስ 11 ገባ። መጀመሪያ "ኮምፒውተርህ አይችልም" አለኝ። ባዮስ ውስጥ ቲፒኤም የሚባለው የደህንነት ክፍል ጠፍቶ ነበር፤ ኢንቴል ፒቲቲ በሚል ስም ነው የተቀመጠው። አበራሁት፣ ቻለ።

የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ዝቅ በማድረግ ሙቀቱን ልቀንስ ብዬም ነበር። ተቆልፏል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ፕላንደርቮልት የተባለ የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ብዙ አምራቾች በባዮስ ማሻሻያ ዘጉት። ሌላ ቀላል መንገድ አለ፦ የዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 ማውረድ። አንዷ በመቶ ቀልድ ትመስላለች፤ የምታደርገው ግን ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን፣ ማጥፋት ነው። ፕሮሰሰሩ ከ2.4 አያልፍም፣ ሙቀቱ ወደ 69 ይወርዳል፣ ማራገቢያው ዝም ይላል። ለፊፋ በቂ ነው፤ ለጂቲኤ አይበቃም።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ወንድሜ ከጓደኛው አዲስ ጌም ይዞ መጣ። ይህ ደግሞ የቀረው ፈተና ነው። ሙቀቱ ደህና፣ ራሙ ደህና፣ ኤስኤስዲው ደህና። የግራፊክሱ ሜሞሪ ግን 4 ጊጋውን ገና መጀመሪያው ላይ ሞላ። የሰዎቹ ፊት እንደ ጭቃ ምርጊት ነው። ጥራቱን ወደ ታችኛው አወረድነው፤ ተጫወተ፣ ግን አያምርም።

ደብተሩ ላይ አንድ ጻፍኩ። ግራፊክሱ ብቻውን ያሸነፈው ጌም፦ አንድ። ሦስት ሲሆኑ እገዛለሁ። ስገዛም 8 ጊጋ የራሱ ሜሞሪ፣ ወፍራሙ፣ ሁለት የራም ቦታ ያለው። ወንድሜ ዝርዝሩን አንብቦ "ሁለቱን ነገ አመጣልሃለሁ" አለ።

ማታ ፊፋ ከፈትን። 1 ለ 1። 71ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ፍሪጁ ዝም አለ፣ የጎረቤት ልጅ ጮኸ፣ ቤቱ ጨለመ። ስክሪኑ ደብዘዝ አለ፣ ፍሬሙ ወደ 30 ወረደ፣ ኳሱ ግን ከወንድሜ አጥቂ እግር አልተለየም። ሁለታችንም ለአንድ አፍታ ጆይስቲካችንን ይዘን ደረቅን።

"ስንት ደቂቃ አለን?" አለ።

"አርባ ምናምን ይላል።"

"ይበቃኛል" አለና መታት።